የማቅለያው እንስራ

አንድ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ በሰው ነፍስ ጉዳይ ለምስክርነት ተጠርቼ ዳኛ ፊት ቆሜአለሁ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ያስቀረሁት ግን ከተናገርኩት ይበልጥ ነበር። ሰውየው ሲፈረድበት እዚያው ነበርኩ። ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም ነጠላዬን አስተካከልኩ። ከዚህ በላይ ስለ ራሴ ለመጻፍ አቅም የለኝም። ስለዚህ ነገሩን በምሳሌ አልብሼ አመጣሁላችሁ። አንብቡትና ነገ ለምስክርነት ለሚጠራ ሰው አቀብሉት።

አንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር አንዲት መንደር ነበረች። ሰዎቿ የሚኖሩት በውሃው ዳር በሚበቅለው ደንገል ነው። ታንኳቸው ደንገል፣ ምንጣፋቸው ደንገል፣ የቤታቸው ክዳንም ደንገል። አያቶቻቸው ደንገሉ እንዳይመናመን ብለው አንድ ሕግ ደንግገዋል፤ ደንገል የሚታጨደው ሰኞ ብቻ ነው። በሌላ ቀን ያጨደም ያሳጨደም ሦስት ዓመት ወደ ደንገሉ አይደርስም። ለዚያች መንደር ሰው ይህ እጁን ከመቁረጥ አይተናነስም። በታንኳ ማቆሚያው አጠገብ አንድ ሰፊ የመሳያ ድንጋይ አለ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ተሰብስበው እየተቀላለዱ ማጭዳቸውን የሚስሉት እዚያ ነው። በሌላ ቀን ከዚያ ድንጋይ ድምፅ ከተሰማ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል።

በዚያ አገር ሰው የገደለ ሰው ሁለት ጊዜ ይዳኛል። በመጀመሪያው ቀን የሚጠየቀው ገድሏል ወይስ አልገደለም የሚለው ነው። በሁለተኛው ቀን ግን ዳኛው የሚመረምሩት እንዴት ሆኖ እንደ ገደለ ነው። አስቦበት፣ ተዘጋጅቶና አድብቶ የገደለ ይሞታል። ተመትቶ፣ ተዋርዶ፣ ደሙ በድንገት ፈልቶ የገደለ ደግሞ ዐሥር ዓመት በደሴቱ ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለዚህ ምርመራ ሁለት ዕቃ ይቀርባል፤ አንድ ትንሽ ገንቦና አንድ ትልቅ እንስራ። ሁለቱም ከታች መርፌ የምታህል ቀዳዳ አላቸው። ዳኛው በመጀመሪያ ገንቦውን ውሃ ያስሞሉና፣ «በዚህ ሰው ላይ የሚያከብድበትን የሚያውቅ ይናገር» ይላሉ። ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ የፈለገ ይናገራል። ቀጥሎ እንስራው ይሞላና፣ «የሚያቀልለትን የሚያውቅ ይናገር» ይባላል። የማቅለያው ዕቃ ለምን ትልቅ እንደ ሆነ አንድ ሰው ዳኛውን ጠይቋቸው ነበር። «የሰው ክፋት ቶሎ ትዝ ይለናል፤ ደግነቱን ለማስታወስ ግን ጊዜ እንፈልጋለን» ብለው መለሱለት። እንስራው ባዶ ከሆነ በኋላ በዚያ ችሎት የሚሰማ ቃል የለም። ሞት የተፈረደበት ሰው ሰባት ቀን ይቆያል፤ ያኔም ቢሆን ዳኛው ቤት ድረስ ሄዶ የሚናገር ከተገኘ ውሃው እንደገና ይሞላል።

በዚህች መንደር አትጠገብ የምትባል ምንጣፍ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጇን የውብዳርን በምንጣፍ ሥራ ነው ያሳደገቻት። የውብዳር ልትዳር ዐሥራ አንድ ቀን ሲቀራት ጣሪያው አፈሰሰና እናትየው ለሰርጉ ያዘጋጀችው ምንጣፍ ሁሉ በሰበሰ። በዚያ መንደር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ እግሯ መጀመሪያ የሚያርፈው እናቷ በሠራችው ምንጣፍ ላይ ነው። ይህ የጎደለባት ሙሽራ ዕድሜዋን ሙሉ ሲወራባት ይኖራል። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ሰኞን ብትጠብቅ ደንገሉ ሳይደርቅ ሰርጉ ይደርሳል። አትጠገብ ተነስታ ወደ አላምረው ሄደች።

አላምረው የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ከእናቱ ከእማማ ብርቄ ጋር ይኖራል። እጁ ለማጨድ ፈጣን፣ አፉም ለቀልድ ፈጣን ነው።

«አላምረው፣ አንድ ነገር ልለምንህ መጥቼ ነው» አለችው።

«እትዬ አትጠገብ ከለመንሽኝ ደግ ነገር አይገጥመኝም። ባለፈው ድመትሽን ከዋርካው ላይ ሳወርድ የቧጨረችኝ እስካሁን አልሻረም።»

«ቀልዱን ተወውና ስማኝ። የልጄ ምንጣፍ በሰበሰ። ነገ ማለዳ ሁለት ሸክም ደንገል እጨድልኝ።»

የአላምረው ሳቅ ቆመ። «ነገ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አስናቀው ቢያገኘኝስ?» አስናቀው የደንገሉ ጠባቂ ነው። ከወር በፊት በታንኳ ማሰሪያ ቦታ ምክንያት ከአላምረው ጋር በሰው ፊት ተዘላልፈው ነበር።

«ማለዳ ማለዳ በወዲያኛው ዳር ነው የሚዞረው። አንተ በዚህ በኩል ትገባለህ። ለእኔ ብለህ ባይሆን ለየውብዳር ብለህ።»

አላምረው ራሱን አከከ። «እሺ፣ ለየውብዳር። ካገኘኝ ግን ያን ዱላውን ጀርባዬ ላይ ነው የሚሰብረው። በቅቤ የምታሺኝ አንቺ ነሽ!»

«አፍህን ያዝ እንጂ! ለማንም እንዳትናገር፤ ለእናትህም ቢሆን። ከደንገሉ ከታገድኩ ምን በልቼ እኖራለሁ?»

«ድንጋይ ነኝ። ይኸው ማልኩልሽ፤ ስምሽ ከአፌ አይወጣም።»

ልትሄድ ብላ ከደጃፉ ተመለሰች። «ማጭድህንም በደንብ ሳለው። የሙሽራ ምንጣፍ ነው። በዶለዶመ ማጭድ የታጨደ ደንገል ይሰነጠቅብኛል።»

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ አላምረው የመሳያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ረዥም ሰዓት ሳለ። የአትጠገብ ቤት ለድንጋዩ የቀረበ ነው። በበሯ ብቅ ብላ አየችው። ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ፤ ቀና ሲል አያትና በዓይኑ ጠቀሳት። እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

በማግስቱ አስናቀው መንገዱን ቀየረ። ከብቶች ደንገሉ ውስጥ ገቡ ተብሎ በወዲህኛው ዳር መጣና ማጭድ የያዘውን አላምረውን ፊት ለፊት አገኘው። ቀኑ ምንድን ነው አለው፤ አላምረው ዝም አለ። ለማን ነው የምታጭደው አለው፤ አሁንም ዝም አለ። አስናቀው ሌባ ብሎ ሰደበው፤ ሐይቁ ውስጥ ሰምጦ የሞተውን አባቱንም አንስቶ ዓሣ እንኳ የተጠየፈው ሌባ ነው አለው። ከዚያም በዱላ ትከሻውን መታው፤ ደግሞም ራሱን መታው። አላምረው ማጭዱን አንድ ጊዜ ሰነዘረ። አስናቀው ወደቀ፤ ሦስት ልጆቹንና ሚስቱን ጥሎ ሞተ። አላምረው አልሸሸም። ሰዎች ሲደርሱ በሬሳው አጠገብ ተቀምጦ በገዛ ነጠላው ደሙን ለማቆም ሲታገል አገኙት።

ይህን ያየ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ብቻ ነው፤ እሱም ከሩቅ ነበር። «ዱላ ሲነሳ አይቻለሁ፤ ማጭድ ሲነሳም አይቻለሁ። የትኛው እንደ ቀደመ ግን ጉሙ ከለከለኝ» ብሎ መሰከረ።

በመጀመሪያው ቀን ችሎት አላምረው፣ «ገድያለሁ» አለ። በዚያው ቀን ስለ ስድቡም ስለ ዱላውም ተናገረ። ግን የገዳይ ቃል ነውና ብቻውን አልበቃም። በሁለተኛው ቀን ገንቦው ተሞላ። አንዱ ተነስቶ የወር በፊቱን ጠብ ተናገረ። ሌላው፣ የሞተው ጠባቂ በሥራው ላይ የነበረ ሰው ነው አለ። ከዚያ ዳኛው አትጠገብን ጠሯት፤ ድንጋዩ አጠገብ የምትኖር እሷ ናትና።

«ልጄ፣ ረቡዕ ዕለት ምን አየሽ?» አሏት።

«አላምረው ማጭድ ሲስል አየሁ፣ አባቴ።»

«ብዙ ቆየ?»

«ብዙ ቆየ።»

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ ያያታል። የጠየቋትን ሁሉ እንደ ጨዋ ሰው ልትመልስ ፈለገች። የምትደብቀው ነገር እንዳለ እንዳይታወቅባትም ብዙ ተናገረች። «ስለቱንም በአውራ ጣቱ ሲሞክር አይቻለሁ» አለች።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ስለት በአውራ ጣቱ የማይሞክር አጫጅ በመንደሩ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ በዚያች ሰዓት ግን ሁሉም ረሳው።

ዳኛው ወደ አላምረው ዞሩ። «ደንገል የሚታጨደው ሰኞ ነው። ረቡዕ ማጭድ የሳልከው ለምንድን ነው?»

«ለሥራ ነው፣ አባቴ።»

«ለምን ሥራ? ለማን?»

አላምረው አትጠገብን አየ። በዓይኑ አልወቀሳትም፤ ጠበቃት። በሠርግ ቤት ተራው የደረሰ ዘፋኝ ሲረሳ ጓደኞቹ እንደሚያዩት ዓይነት አስተያየት ነበር፤ አሁን ያንቺ ተራ ነው የሚል። እሷ መሬት መሬት አየች። እሱም፣ «የምጨምረው የለኝም» ብሎ ዝም አለ።

የገንቦው ውሃ አለቀ። ትልቁ እንስራ ተሞላ።

«የሚያቀልለትን የሚያውቅ ይናገር» አሉ ዳኛው።

እማማ ብርቄ ተነሱ። «ልጄ ደግ ነው። ዶሮ እንኳ ሲታረድ ፊቱን ያዞራል» አሉ። ይህን እናት ሁሉ ትለዋለች ተብሎ አልተቆጠረላቸውም። እማማ ብርቄ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እናንተ ሰዎች፣ ስንት ቤት ክዳን አለበሰላችሁ! ስንት ታንኳ አሰረላችሁ! አንድ የሚያውቅለት ጠፋ?»

ውሃው ጠብ ይላል። አትጠገብ በልቧ፣ አሁን እነሳለሁ አለች። ጠብ። ብነሳ ግን ሦስት ዓመት ከደንገሉ እታገዳለሁ። ጠብ። አሳጭዳ ሰው አስገደለች እባላለሁ። ጠብ። የሙሽራው ቤተ ሰቦች ሰርጉን ያፈርሳሉ። ጠብ። ሰርጉ ይለፍና ከዚያ ዳኛው ቤት ሄጄ እናገራለሁ፤ ሰባት ቀን አለ። እንዲህ እያለች ስታወጣ ስታወርድ ጠብታው ቆመ። ያን ጸጥታ የሰማ ሰው አይረሳውም።

«ማጭዱ ያለ ቀኑ ተስሏል» አሉ ዳኛው። «ለምን እንደ ተሳለ ገዳዩ አይናገርም። ቂም ነበረው፤ ስለቱን አዘጋጀ፤ መንገድ ላይ ጠበቀው። እንዲህ ከሆነ ዱላው ቢቀድምም ለግድያው ምክንያት አይሆንም።» ወደ አላምረው ዞሩ። «ሞት ፈርጄበታለሁ።»

እሁድ ሰርጉ ተደረገ። የውብዳር በተዋሰችው ምንጣፍ ላይ ቆማ ገባች። መንደሩ ሁሉ ሰው የሞተበት ሰሞን ነው ብሎ አለፈው እንጂ ስለ ምንጣፉ አንድም ሰው አላማትም። አትጠገብ ይህን ልብ አለች። የፈራችው ሐሜት የሌለ ነገር ነበር።

ሰኞ ማለዳ ወደ ዳኛው ቤት ሄደች። ሰው ዳኛ ቤት ባዶ እጁን አይሄድምና በቤቷ የነበረችውን ለአንድ ሰው መቀመጫ የምትበቃ ትንሽ ምንጣፍ ጠቅልላ ያዘች። የዳኛው ሚስት በሩን ከፈቱላት።

«ግቢ የኔ ልጅ። ዳኛውን ፈልገሽ ነው? ውስጥ ናቸው፤ ልጥራልሽ?»

አትጠገብ አፏን ከፈተች። የመጣችበትን ቃል ከቤቷ ጀምሮ ስትደጋግመው ነበር የመጣችው። የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «የለም፣ እማማ። አያስቸግሩ። ይህቺን ላድርስ ብዬ ነው።»

«ውይ እጅሽ ይባረክ! ለምን ሆኖ?»

«እንዲሁ ነው። ልጄን ዳርኩ።»

«እሰይ! ወልዳ ከብዳ ለማየት ያብቃሽ።»

ማክሰኞ ሰባቱ ቀን ሞላና አላምረው ሞተ። ስሟ ከአፉ አልወጣም።

ዐሥር ዓመት አለፈ። አትጠገብ ከዚያ ወዲህ ችሎት በተቀመጠ ቁጥር ወደ ሐይቁ ትወርዳለች፤ የውሃ ጠብታ ላለመስማት። የቤቷ ጣሪያ ሲያፈስ እንኳ ዕቃ አትደቅንም፤ መሬቱ ላይ ይፍሰስ ትላለች። ሰው አረጀች ይላታል እንጂ ምክንያቱን የሚያውቅ የለም።

በዐሥረኛው ዓመት ዳኛው ሸመገሉና ወንበራቸውን ሊለቁ ሆነ። በዚያ አገር ዳኛ ከመውረዱ በፊት ሕዝቡን ሰብስቦ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። እሳቸውም ጠየቁ። «ካጠፋሁት ፍርድ የምታውቁት ካለ ንገሩኝ። ሳልሰማ መሞት አልፈልግም።»

በዚህ ቀን መቅረት ነውር ስለ ሆነ አትጠገብም መጥታ ነበር። ዳኛው የተቀመጡባትን ምንጣፍ አየች። ጠርዟ ተበልቷል፤ የእጇን ሥራ ግን ለየችው። ዐሥር ዓመት ሙሉ በእሷ ላይ ተቀምጠው ነው የፈረዱት። እግሯ ሳታዝዘው ተነሳ።

«አባቴ፣ እኔ አለኝ።»

«ተናገሪ።»

«አላምረው ማጭዱን የሳለው እኔ ልኬው ነው። ለልጄ ሰርግ ደንገል እንዲያጭድልኝ። በደንብ ሳለው ያልኩትም እኔ ነኝ። ለአስናቀው አይደለም። እንኳን ሊጠብቀው፣ እንዳያገኘው ይፈራ ነበር።»

ዳኛው፣ «ያኔ ጠይቄሽ ነበርኮ» አሉ በቀስታ።

«የጠየቁኝ ያየሁትን ነው፤ ያየሁትን ነገርኩዎት» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ አፈረችበት። ዐሥር ዓመት ሙሉ ለራሷ ስትለው የኖረችው ይህንኑ ነበርና፤ በሰው ፊት ሲነገር ምን ያህል ቀሊል እንደ ሆነ ያን ጊዜ ሰማችው።

ዳኛው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነትሽን ነው። ምን አየሽ አልኩሽ እንጂ ምን ታውቂያለሽ አላልኩሽም። ስለቱን መረመርኩ፤ ሥራውን ግን እስከ መጨረሻው አልጠየቅኩም። የማጭድ ስለት የሰውን ልብ የሚያሳይ መሰለኝ።» ከዚያ የተቀመጡባትን ምንጣፍ ዳሰስ አደረጉ። «ይህችን ያመጣሽው ያን ሰሞን ነው አይደል?»

«አዎ፣ አባቴ። ልነግርዎት መጥቼ ነበር።»

ሽማግሌው ከምንጣፏ ላይ ተነስተው አፈር ላይ ተቀመጡ። ከኋላ አንድ የደከመ ድምፅ ተሰማ። እማማ ብርቄ ናቸው፤ ዓይናቸው ፈዝዟል፤ ሰው ደግፏቸው ቆመዋል።

«ዐሥር ዓመት ነበር የሚፈረድበት?» አሉ።

«ዐሥር ዓመት ነበር» አሉ ዳኛው።

«እንግዲያ ዘንድሮ ይመለስ ነበር ማለት ነው።»

አትጠገብ መሬት ላይ ተደፋች። ዳኛው ዕቃዎቹን አስመጡ። «የመጨረሻ ፍርዴ በዚህች ሴት ላይ ነው» አሉ። ገንቦው ተሞላ። የሚያከብድባትን ለመናገር ማንም ጊዜ አላገኘም፤ ራሷ ተናገረችው። አስቤበት ዝም አልኩ አለች። አንድ ቀን ሳይሆን ሰባት ቀን አሰብኩበት። እሱ ለእኔ የማለውን ጠበቀ፤ እኔ ግን ለእሱ አንዲት ቃል ነፈግሁት። የሞተውን የአስናቀውን ሚስትም ባሏ ታድኖ የተገደለ እንዲመስላት አደረግሁ፤ ዐሥር ዓመት ያልነበረ ጭካኔ እያሰበች አለቀሰች። ገንቦው ሲያልቅ ንግግሯም አለቀ።

ትልቁ እንስራ ተሞላ።

«የሚያቀልላትን የሚያውቅ ይናገር» አሉ ዳኛው።

ጠብ። ጠብ። ጎረቤቶቿ አጎነበሱ። የሚያውቁላት ደግነት ጠፍቶ አይደለም፤ ማን ቀድሞ ይነሳ በሚል ነው። አትጠገብ ጠብታውን ትሰማለች። አላምረው በዚያች ቀን ምን ይሰማ እንደ ነበር አሁን ገና ገባት። ውሃው ከግማሽ ወረደ።

«እኔ የማውቀው አለ» አሉ እማማ ብርቄ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ማንም ሳይጠራት በራሷ እግር ተነሳች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ይሄ አንድ። ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ፈሪ ናት። የገዛ ጥላዋን አይታ የምትሮጥ ልጅ ነበረች። ልጄን ያስገደለችው ፈርታ ነው እንጂ ሞቱን ፈልጋ አይደለም። ይሄ ሁለት። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

አንዱ በቀስታ፣ «እማማ፣ ይቅር አሏት ማለት ነው?» አላቸው።

እማማ ብርቄ ተቆጡ። «ማን ይቅር አላት አለህ? አላልኳትም። እንዲያው ልቤ እሺ ቢለኝ ደስ ባለኝ፤ አላለኝም። የማውቀውን ግን አልደብቅም። ይህ እንስራ ማንም ሳይናገር ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ መስማት አልችልም።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሌሎች አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ።

ዳኛው ፈረዱ። «ከእንግዲህ እስክትሞች ድረስ የዚህን እንስራ ውሃ ከሐይቁ የምትቀጂ አንቺ ነሽ። ችሎት በተቀመጠ ቁጥር ትሞይዋለሽ፤ አጠገቡም ትቀመጫለሽ። ሕዝቡ ዝም ሲል፣ ‹ያያችሁትን ብቻ ሳይሆን የምታውቁትን ተናገሩ› የምትይውም አንቺ ነሽ።»

አትጠገብ እስክትሞት ድረስ ውሃውን ቀዳች። በእሷ ዘመን ያ እንስራ ዳግመኛ ማንም ሳይናገር አላለቀም ይባላል። እማማ ብርቄ ግን ይቅር አልኩሽ ሲሏት የሰማ ሰው የለም። ችሎት ባለበት ቀን መጥተው እንስራው አጠገብ ከእሷ ጎን ይቀመጡ ነበር፤ አንድም ቀን አላነጋገሯትም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የሰው ነፍስ የጠፋበት ነገር ከባድ ነው፤ ማንም ቀሊል ሊያደርገው አይችልም። አስናቀው ሞቷል፤ ልጆቹም ያለ አባት አድገዋል። ነገር ግን የገደለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ልብ ይዞ አይገድልም። የዚያን ልብ ክብደት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ዳኛው ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ ለምን እንደ ተሳለ፣ ለማን እንደ ተሳለ የሚያውቀው ጎረቤት። እውነትን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን የሚሰጥ ምስክር አልዋሸሁም ብሎ ይተኛል፤ የሚሞተው ግን ሌላ ሰው ነው። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ስለ አንድ ሰው የምታውቁት፣ የሚያቀልለት፣ እስከ ዛሬም ያልተናገራችሁት ነገር የለም?

እኔ ነበረኝ። አልተናገርኩም። የእኔን የሚያቀልልኝ የማውቀው ነገር ይህን መጻፌ ብቻ ነው፤ እሱም የዘገየ ነው። የበደልኩት ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ እናቱም አርፋለች። የቀራችሁኝ እናንተ ናችሁና ይቅር በሉኝ።